ከድራሙ ጀርባ የታየ መንገድ፦ የኒክ ሜሰን «ኢንሳይድ አውት»

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ድራመር ኒክ ሜሰን የጻፈው «ኢንሳይድ አውት» አዲስ መጽሐፍ አይደለም። የወጣው በ2004 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቢሆንም ስለ ባንድ ሕይወት ካነበብኳቸው ሁሉ እየተመለስኩ የምገልጠው እሱን ነው። እኔ እዚህ ለንደን ለሐበሻ ኮንሰርቶች ሳውንድ እሠራለሁ። ስፒከር እጭናለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ፣ ሌሊቱን ቫን እነዳለሁ። ይሄን መጽሐፍ የማነበው እንደ አድናቂም፣ እንደ ጫኝና አውራጅም ሆኜ ነው።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሜሰን በርሚንግሃም በ1944 ተወልዶ ለንደን ያደገ ሰው ነው። በፒንክ ፍሎይድ አልበሞች ሁሉ ላይ ያለ ብቸኛው አባል እሱ ነው። ሌሎቹ ወጡ፣ ተባረሩ፣ ተጣሉ፣ ተመለሱ። እሱ ከወንበሩ አልተነሳም። ድራመር ደግሞ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። የሁሉንም ጀርባ ያያል። ማን እንደሰከረ፣ ማን ከማን እንደተኮራረፈ፣ ማን መግቢያውን እንደሳተ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። የመጽሐፉ ጉልበት ከዚህ ይመጣል። የሚያወራላችሁ ስለ ዝና አይደለም። ማን ምን እንደተሸከመ፣ ስንት እንደተከፈላቸው፣ ማን ዘግይቶ እንደመጣ ነው።

ታሪኩ የሚነሳው ከትምህርት ቤት ነው። በ1962 ለንደን በሚገኘው ሬጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ አርክቴክቸር ሊማር ገባ። በኋላ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች የሆነውን ሮጀር ዋተርስንና ኪቦርድ ተጫዋቹን ሪክ ራይትን ያወቀው እዚያ ነው። የካምብሪጁ ልጅ ሲድ ባሬት በኋላ ተቀላቀላቸው። ስማቸውን በየጊዜው ይቀያይሩ ነበር። «ቲ ሴት» በሚባሉበት ጊዜ አንድ ምሽት ሊጫወቱ ሲሄዱ ሌላ «ቲ ሴት» የሚባል ባንድ ለዚያው መድረክ ተይዞ አገኙ። ሲድ እዚያው ላይ የሁለት አሜሪካዊ ብሉዝ ተጫዋቾችን ስም አጣመረ። ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል። በቃ፣ ስሙ በዚያው ጸና።

ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች እኔ በጣም የምወደው ግን የካውንትዳውን ክለብን ታሪክ ነው። ጊዜው 1965፣ ቦታው ለንደን ኬንሲንግተን። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ሦስት ዙር ይጫወታሉ፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ነው። ክፍያው ለባንዱ በሙሉ 15 ፓውንድ። የሚያውቁት ዘፈን ግን ያን ሁሉ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ሶሎውን አስረዘሙት። አንዱ ጊታሩን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው በኦርጋን ይከተለዋል፣ ዘፈኑ አልቆ እንደገና ይጀምራል። በኋላ ዓለም ያበደለት የፒንክ ፍሎይድ ረጃጅም ሙዚቃ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ሰዓት መሙላት ነበረባቸው። ጎረቤት በጩኸቱ ሲከስ ደግሞ ሥራውን ላለማጣት ያለ ኤሌክትሪክ እንጫወታለን አሉ። ሪክ የክለቡን ፒያኖ ያዘ፣ ሮጀር ኮንትራባስ ከየት እንደሆነ አመጣ፣ ሜሰን ስቲኩን ትቶ በብሩሽ መታ።

ይሄን ክፍል ከበርሚንግሃም ስንመለስ፣ ወረፋው የሌላ ሾፌር ስለነበር፣ ቫን ውስጥ አብረውን ለሚጓዙት ለጋሼ አነበብኩላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ቤት ድራም ይመቱ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን። ታዳሚው ገብቶ በር ይዘጋል፣ እስኪነጋ ማንም አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል።

«እነዚህማ የኛው ልጆች ናቸው!» አሉኝ። «እኛም ዘፈን ሲያልቅብን አንዷን ትዝታ ግማሽ ሰዓት እንጎትታት ነበር። ሳክስፎኑ ይዞራል ይዞራል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እመታለሁ። እንቅልፍ እየወሰደኝ ሁሉ እመታለሁ።»

ከዚያ ስለ 15 ፓውንዱ ጠየቁ። ለስንት ሰው ነው? ያኔ ሁለተኛ ጊታር የሚጫወት ልጅ ስለነበራቸው አምስት ነበሩ አልኳቸው። «ለአንዱ ሦስት ሦስት ፓውንድ» ብለው አካፈሉና ወዲያው ቀጥል አሉኝ። ጋሼ እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ የፒንክ ፍሎይድን ሙዚቃ ግን ከዚያ ቀን በፊት ቁጭ ብለው ሰምተው አያውቁም።

ሌላም ድራመርን ልብ የሚይዝ ገጽ አለ። በ1966 ክሪም የተባለው ባንድ እነ ሜሰን ወደሚማሩበት ፖሊቴክኒክ መጣ። መጋረጃው ሲከፈት ጂንጀር ቤከር ከሚያብረቀርቅ ሉድዊግ ድራም ኋላ ተቀምጧል። ሁለት ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም)! ሜሰን የወደፊት ሥራው ምን እንደሆነ የታየው ያን ምሽት ነው። ብዙም ሳይቆይ እሱም ሁለት ቤዝ ድራም ይዞ ወጣ። ይሄን ሲተርክ ሽማግሌው ጠፍቶ የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ ይመጣል።

1967 የመጽሐፉ ምርጥ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ትምህርቱን ትተው ሙሉ ጊዜ ሙዚቀኛ ሆኑ፣ ኢኤምአይ ከሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋርም ተፈራረሙ። ለንደን ውስጥ ዩፎ የሚባል ክለብ ነበራቸው፤ ታዳሚው ወለል ላይ ተቀምጦ መብራቱን እያየ የሚሰማቸው። ከለንደን ሲወጡ ግን ሌላ ዓለም ነው። የገጠር ከተማው ወጣት ቅዳሜ ማታ የመጣው ሊደንስ ነው። በሬዲዮ የሰማትን አጭር ዘፈን ይፈልጋል። እነሱ ደግሞ መጨረሻው የማይታወቅ ድምጽ ይለቁበታል። ከሰገነት ላይ ቢራ ይደፋባቸዋል፣ ሳንቲም ይወረወራል። ዋተርስ ግንባሩን በሳንቲም ተመትቶ ደምቷል። በማግስቱ ግን ዕቃ ጭነው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። እኔ አዲስ ሥራ ይዞ የመጣ ዘፋኝ መድረክ ላይ ቆሞ ከታች «የድሮውን! የድሮውን!» ሲባል ከሚክሰሩ ኋላ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፊቱን የሚያየው የሳውንድ ሰውና ድራመሩ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ያ ፊት ነው የሚመጣብኝ።

ሜሰን ከ2018 ጀምሮ «ሶሰርፉል ኦፍ ሲክሬትስ» የሚባል የራሱ ባንድ አለው። የሚጫወቱት ባንዱን በዓለም ያገነነው አልበም ከወጣበት ከ1973 በፊት የነበሩትን የፒንክ ፍሎይድ ሥራዎች ነው። እሱም በዘፈኖቹ መሀል ድራሙ ላይ እንደተቀመጠ ማይኩን ይዞ የድሮ ታሪክ ያወራል። ለንደን ውስጥ አይቼዋለሁ። አጠገቤ አንዲት ጸጉራቸው የነጣ እንግሊዛዊት ተቀምጠው ነበር። በ1967 ከእህታቸው ጋር ሊደንሱ ሄደው ተናደው ከወጡት አንዷ መሆናቸውን ነገሩኝ። አዲስ ጫማ አድርገው ነበር የሄዱት። «ልንደንስበት የሚቻል ምት አልነበረውም» አሉ። ዓመታት ቆይተው አልበሞቹን ገዙ፣ መጽሐፉንም አነበቡት፤ ያን ምሽት ከመድረኩ በኩል ሆኖ ሲተረክ ሲያገኙት አለቀሱ። በዙሪያችን ያሉትም እንደሳቸው ናቸው። ለትልቁ ዘፈን የሚያጨበጭቡትን ያህል ለቫኑ ታሪክ ያጨበጭባሉ። «እኔም ነበርኩ!» ብሎ ከኋላ የሚጮህ አይጠፋም።

እንግዲህ በ1967 ኅዳር ወር ላይ የጂሚ ሄንድሪክስ ጉዞ መጣ። ከሮያል አልበርት ሆል ተነስቶ እንግሊዝን የሚዞር፣ ሰባት ባንድ አንድ ላይ የተጫነበት ቱር። በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ይቀርባል። የፒንክ ፍሎይድ ድርሻ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ዘፈን ለማሞቅ ብቻ ያን ያህል ለሚፈጅባቸው ሰዎች ማለት ነው። ያኔ ደግሞ ሲድ እየታመመ ነበር። አንዳንድ ምሽት ጭራሽ አይመጣም፤ በእሱ ቦታ «ዘ ናይስ» ከሚባለው ባንድ ዴቪ ኦሊስት ጊታር ይዞ ይገባል። በጊዜው ባንዶች ከሥራ ሲመለሱ በኤም 1 አውራ ጎዳና ላይ ዋትፎርድ ጋፕ ያለው ብሉ ቦር ምግብ ቤት ሌሊት ይገናኙ ነበር። እኛም ዛሬ ከሰሜን ስንመለስ እዚያው ቆመን ቡና እንጠጣለን። ለእነዚያ ገጾች ያለኝ ፍቅር በከፊል ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም።

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ ልምጣ። ጥር 1968። ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ባንዱን ተቀላቅሏል፣ አምስት ሆነው ጥቂት ቦታ ተጫውተዋል። አንድ ቀን ወደ ሳውዝሃምፕተን ሲሄዱ መኪና ውስጥ አንዱ ሲድን እንውሰደው ወይ ብሎ ጠየቀ። ተዉት ተባለ። አለፉት። በቃ፣ የባንዱ መሥራችና የዘፈኖቹ ደራሲ በዚህ መንገድ ቀረ።

ይሄን ያነበብኩ ቀን ቫን ውስጥ ጠብ ተነሳ። አብራን የምትሠራ አንዲት ወጣት ጊታሪስት አለች። «ሰው ታሞ እንዴት ጥለውት ያልፋሉ?» ብላ ተቆጣች። «ስልክ እንኳን አይደውሉለትም?» ጋሼ ደግሞ መለሱላት። «ልጄ፣ መድረክ ላይ ጊታሩን አቅፎ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ይዘሽ ስንት ምሽት ትወጫለሽ? ታዳሚው ከፍሎ ገብቷል። ባለቤቱ ገንዘቡን ይከለክልሻል።» «ከፍለው ቢያሳክሙትስ?» አለች። «ቤተሰቡን ጠርተው፣ ሐኪም ፈልገው...» ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው «እኛም አንድ ነበረን» አሉና የአንድ ትራምፔት ተጫዋች ነገር አወሩ። ሌላ ጊዜ ብዙ የሚያወሩት ሰው ያን ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያወሩት።

እኔ በአንድ ነገር ከልጅቷ ጋር ነኝ። ሜሰን አልዋሸም፤ ጭካኔ እንደነበር በግልጽ ጽፎታል፤ ባንዱን ከማስቀጠል ሌላ የሚታያቸው ነገር እንዳልነበረም ይናገራል። ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ግን ቶሎ ይሄዳል። በአንድ አንቀጽ ልብህን ይሰብርና ወዲያው ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። ስለ ካውንትዳውን ክለብ ያንን ሁሉ ዝርዝር የሰጠን ሰው እዚህ ጋ ሁለት ገጽ ሊጨምርልን ይገባ ነበር። ሪክ ራይት በ1979 ከባንዱ እንዲወጣ ሲደረግም እንደዚያው ነው። ጨዋ ሰው ስለሆነ የማንንም ገመና አይገልጥም። አንባቢ ግን ርቦት ይነሳል። ከመጽሐፉ አድናቂዎች ጋር ባወራሁ ቁጥር የምሰማው ቅሬታ ይሄው ነው።

ለሳውንድ ሰው ደግሞ አንድ ልብ የሚያቆም ታሪክ አለ። ግንቦት 1970፣ ኒው ኦርሊየንስ። ጠዋት ሲነሱ ዕቃው የተጫነበት መኪና የለም። ድራሙ፣ ጊታሮቹ፣ ስፒከሩ፣ ሁሉም። 40,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ንብረት። በዚያ ዘመን ገንዘብ ቱሩ ብቻ ሳይሆን ባንዱም የሚያልቅበት ነው። ያዳናቸው ሆቴሉ አካባቢ የተዋወቋት አንዲት ልጅ አባት ናቸው፤ ኤፍቢአይ ውስጥ ይሠሩ ነበር። አብዛኛው ዕቃ ተገኘ። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ቫኑን ሁልጊዜ የኋላ በሩ ግድግዳ እንዲነካ አድርጌ ነው የማቆመው። ሌባ ሊከፍተው አይችልም።

ከ1973 በኋላ ያለው ግማሽ ትንሽ ይከብዳል። ስታዲየም፣ ጠበቃ፣ የጭነት መኪና ሰልፍ፣ ለትርኢቱ በአየር የተነፋ ትልቅ አሳማ። ለትልልቅ ትርኢቶች አሠራር ፍላጎት ያለው ይደሰትበታል፤ ሌላው ሰው ገጽ ሊዘል ይችላል። ቀልዱ ግን እስከ መጨረሻው አይለየውም። ስለ ራሱ የድራም ችሎታም ሲያወራ አይኮራም።

መግዛት ለምትፈልጉ። የመጀመሪያው ባለ ጠንካራ ሽፋን እትም ትልቅና በፎቶ የተሞላ ነው። ያገለገለ ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ የድሮዎቹን መድረኮችና ዕቃዎች በዓይን ማየት ይገባችኋል። በኋላ የወጣው ባለ ስስ ሽፋን ፎቶው ያንሳል፤ ግን በ2005 ላይቭ 8 በሚባለው ትልቅ ኮንሰርት ላይ ሜሰን፣ ዋተርስ፣ ራይትና ጊልሞር ዳግም የተገናኙበት ምዕራፍ ተጨምሮበታል። ሜሰን በራሱ ድምጽ ያነበበው የድምጽ ቅጂም አለ፤ ያጠረ ነው፣ ለመንገድ ግን ይመቻል። እኔ ያለኝ ትልቁ እትም ነው። አሁን ጋሼ ጋ ነው ያለው፤ ፎቶዎቹን በማጉያ መነጽር እያዩ ሜሰን በየዓመቱ ምን ዓይነት ሲምባል እንደያዘ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ነው።