ሚልዋኪ ወይስ ክሊቭላንድ?

ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ያሉ የሐይቅ ዳር ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ብዙ ፋብሪካ ተዘግቶባቸዋል፤ ዛሬ ደግሞ አነስተኛ ጠማቂዎች በሚያወጡት ቢራ ይታወቃሉ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ሚልዋኪ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ናት። ከቺካጎ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነች፣ ጠጥቶ የመንዳት ጣጣ የለም። ግዙፉ ቢራ ጠማቂ ፓብስት የከተማውን ፋብሪካ በ1996 ዘጋ። በ1987 የተመሠረተው ሌክፍሮንት ግን ወንዙ ዳር ባለ የድሮ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ይጠምቃል። ከተማዋን ለማየት ዓርብ ማታን ምረጡ፤ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጋር የሚበላበት ምሽት ነው። ልማዱ ዓርብ ሥጋ ከማይበሉ ካቶሊክ ስደተኞች የመጣ ነው። ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን የእኛን ክርክር እዚያ ባታነሡ ይሻላል።

ክሊቭላንድ ያለችው በኢሪ ሐይቅ ዳር ነው። ግሬት ሌክስ የተባለው ጠማቂ በ1988 ተከፈተ። አንዱን ቢራውን «በርኒንግ ሪቨር» ብሎታል፤ የሚነድ ወንዝ ማለት ነው። በ1969 የካያሆጋ ወንዝ፣ የፋብሪካ ዘይትና ቆሻሻ ተንሳፍፎበት፣ በእሳት ተያይዞ ነበር። ኀፍረታቸውን ጠርሙስ ላይ ለጥፈው መሸጣቸው ደስ ይለኛል። ፖርተር የሚባለው፣ ጠቆር ብሎ ጠላ የሚመስለው ቢራቸው ደግሞ በ1975 በሰጠመችው መርከብ በኤድመንድ ፊትዝጄራልድ ተሰይሟል። ከጠመቃው ጥቂት እርምጃ ርቆ የ1912ቱ ዌስት ሳይድ ገበያ አለ። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙም መግቢያ አያስከፍልም።

እኔ ለቢራው ብቻ ከሆነ ሚልዋኪን፣ ቤተሰብ ይዤ ከሆነ ክሊቭላንድን እመርጣለሁ። በጥር ብርድ ግን ወደ ሁለቱም አልሄድም።