የውጭ እንጨት ምን ይቀባ? ለድሬና ለሐረር ቤቶች ንጽጽር

የበረንዳችንን መደገፊያ መጀመሪያ የቀባሁት ቀለም በሌለው ቫርኒሽ ነበር። አዲስ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። ሲያብረቀርቅ ሳየው ደስ አለኝ። ዓመት ሳይሞላው ግን ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ይላጥ ጀመር። አንዱን ልጣጭ በጥፍሬ አንስቼ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ስስ ግራጫ የእንጨት ቃጫ ተለጥፎበት ነበር። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቫርኒሹ እንጨቱን አልለቀቀም፤ ከሥሩ የላላው እንጨቱ ራሱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ብርሃን ያሳልፋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አልፎ ይገባና የእንጨቱን ቃጫዎች አጣብቆ የሚይዘውን ሊግኒን የሚባል ነገር ያፈርሰዋል። ስለዚህ የውጭ እንጨት ላይ ከለር ለውበት ብቻ አይደለም። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄት ለእንጨቱ ጃንጥላው ነው። ከለሩ ጠንከር ባለ ቁጥር ጥላውም ይጠነክራል።

ሱቅ ውስጥ የምታገኙትን በጥቅሉ በአራት መክፈል ይቻላል።

ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ለቤት ውስጥ በርና ለቁም ሣጥን ጥሩ ነው። ውጭ ከሆነ ግን ጣራ ሥር ገብቶ ፀሐይ ለማያየው በር ብቻ ነው የምመክረው። አንዴ መላጥ ከጀመረ በላዩ መደረብ አያዋጣም። ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው።

የቀሩት ሦስቱ ስቴይን ናቸው፤ ከለር ያለው የእንጨት ቅብ ማለት ነው። ዘይት ነክ ስቴይን እንጨቱ ላይ አይቀመጥም፤ እንጨቱ ይጠጣዋል። ከላይ ቆዳ ስለማይሠራ አይላጥም፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ሲደበዝዝ አጥቦ፣ አድርቆ አንድ እጅ መድገም ይበቃል። ዝናብና ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት እንደ ደረጃ ያለ የተኛ እንጨት በየዓመቱ ይፈልገዋል። የቆመው ሁለት ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ለድሬ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምለው፤ ቡናማውን ወይም ጠቆር ያለውን።

በውሃ የሚቀጥነው ስቴይን ሽታው ቀላል ነው፤ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። ከለሩም ፀሐይ ይችላል። ድሬ ላይ ችግሩ በሙቀት ቶሎ መድረቁ ነው። ብሩሻችሁ የጣውላው ጫፍ ሳይደርስ መጀመሪያው ደርቆ ይጠብቃችኋል። እዚያ ላይ ስትደርቡ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል። ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ ወደ 1,200። በ55 ኪሎ ሜትር ልዩነት አየሩ ሌላ ነው። ሐረር ላይ በዚህ ስቴይን ረጋ ብሎ መሥራት ይቻላል።

ሸፋኙ ስቴይን የእንጨቱን መስመር ይደብቃል፤ ሲያዩት ቀለም ይመስላል። ለቆመ እንጨት ከሁሉም ረጅም ዕድሜ አለው። ሰው ለሚረግጠው ደረጃ ግን አይሆንም፤ ይላጣል። ደግሞም መመለሻ የለውም። የእንጨቱን መልክ እንደገና ለማየት ከፈለጋችሁ መፋቅ አለባችሁ።

ለምስጥ ተብሎ የሚቀባውን የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ማንሳት አለብኝ። አቦ፣ ይሄን ተዉት! ከሞተር የወጣ ብረታ ብረት አለበት፤ ልብስና የልጆች እጅ ያጠቁራል፤ በኋላ ምንም ስቴይን አይዝበትም። ስቴይንም ቢሆን የምስጥ መድኃኒት አይደለም። ምስጥ ካለባችሁ ቋሚውን ከአፈር ለዩት። ኮንክሪት ወይም ብረት ላይ ይቁም። የምስጥ መድኃኒቱንም ስቴይን ከመቀባቱ በፊት አጠጡት።

አሁን ወደ እንጨቱ። ባሕር ዛፍ ብዙ ጊዜ እርጥብ እያለ ነው የሚሸጠው። እርጥቡን ከቀባችሁት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ያልተቀባ ነጭ ሆኖ ይከፈታል። ከመቀባታችሁ በፊት ጥላ ውስጥ፣ አየር እንዲያልፍ በመሃሉ በትር እያስገባችሁ ደርድሩት። ሲደርቅ ደግሞ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ አይጠጣም። ወይራም እንደዚያው ነው። ለእነዚህ ዘይት ነክ ስቴይን በስሱ ቀብታችሁ፣ 15 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ካልጠረጋችሁት እንደ ማር እየተጣበቀ ይከርማል፤ የድሬ አቧራ ይሰበሰብበታል።

የሐበሻ ጥድ ውስጡ በተፈጥሮው ምስጥንና መበስበስን ይቋቋማል። ነገር ግን የራሱ ዘይትና ቀለም አለው። ነጣ ያለ፣ በውሃ የሚቀጥን ስቴይን ከቀባችሁበት ቡናማ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ዘይት ነክ፣ ጠቆር ያለ ይስማማዋል። ዋንዛ መልኩ ያምራል። በሸፋኝ መደበቁ ያሳዝነኛል፤ መስመሩን የሚያሳይ ስቴይን አልብሱት። የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ለስለስ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ቦታ ብዙ፣ አንዱ ቦታ ትንሽ ይጠጣሉ። ቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ ሙሉውን አትጀምሩ።

የትኛውም ዓይነት ይሁን አዲስ የተላገ ጣውላ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ አድርጉ። ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ እንጨቱ ገና አልተዘጋጀም፤ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ መላጊያው ከልክ በላይ አለስልሶታል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉት። «አየሩን ይልመድ» ብላችሁ ሳይቀባ ለወራት ፀሐይ ላይ አታቁሙት። ሳምንታት ብቻ ይበቃሉ ላዩን ለማላላት።

ያረጀው እንጨት ላይ ምርጫው ሌላ ነው። አክስቴ ሐረር ጁገል አጠገብ የምትኖርበት ቤት በር የቆየ ነው፤ ግራጫ ሆኗል። እሷ «ደህና ቀለም ደርብበትና ተገላገል» አለችኝ። ፕላስተር አምጥቼ በሩ ላይ ጫን አድርጌ ለጥፌ በአንዴ ነቀልኩት። ግራጫ ቃጫ ሞልቶት ወጣ። «አክስቴ፣ ይሄ ሞቷል፤ የምንቀባው ከዚህ ሥር ያለውን ነው» አልኳት። በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ፕላስተሩ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ፋቅን። ሁለት ቀን ፈጀብን። ከሥሩ የወጣው ቀይ ቡናማ እንጨት ሲታይ አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እንዲህ ላለ ውስጡ ደህና ለሆነ አሮጌ እንጨት ዘይት ነክ ስቴይን ከሸፋኝ ይሻላል። ስንጥቆቹ ውስጥ ይገባል። አሮጌ እንጨት ግን ይጠማዋል፤ በለስላሳ ጣውላ 1 ሊትር 8 ካሬ ሜትር ገደማ ከሄደ፣ በሻከረው 5 ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሸፋኙን የምመርጠው የድሮ ቀለም ላለበት፣ ለተጠጋገነ፣ መልኩ ለተዘበራረቀ እንጨት ነው። ጁገል ውስጥ የተቀረጸ የቆየ በር ያላችሁ ግን በኤሌክትሪክ መፋቂያ አትንኩት፤ ቅርጹን ይበላዋል። ከተማዋ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበች ስለሆነች ቅርስ የሚመለከተውን ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይሻላል። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ጥላው በዞረበት በኩል ሥሩ። የጣውላውን ሁለት ጫፎች ሁለት እጅ ቀቡ፤ ውሃ ከሁሉም በላይ የሚገባው በእነሱ ነው።

በዘይት ነክ ስቴይን ወይም በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተከመረ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝና ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊቀጣጠል ይችላል። በድሬ ሙቀት ይሄ ቀልድ አይደለም። አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ንከሩት።

የበረንዳዬን መደገፊያ ፍቄ በቡናማ ዘይት ነክ ስቴይን ከቀባሁት ሁለተኛ ዓመቱ ነው። እስካሁን አልተላጠም። ባለፈው ሳምንት የላይኛው ጣውላ ላይ ውሃ ጠብ አደረግኩ። ጎኑ ላይ ጠብታው እንደ ዶቃ ቆመ፤ በተቀባ እንጨት ላይ ይሄ ስቴይኑ ገና እንዳለ ያሳያል። ላዩ ላይ ግን ወዲያው ጠጣው። ለላዩ ብቻ አንድ ሊትር ልገዛ ነው።