ደሴ ለአንድ ምሽት ለምታርፉ፦ ምስጋናና ጥቆማ ስለ አንድ ባለባጃጅ

ወደ ላሊበላና ወደ ግሸን ሰው ይዘን ለምንመላለስ አስተባባሪዎች ደሴ ማደሪያ ናት። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ የገባ መንገደኛ ሻንጣውን አስቀምጦ ጋደም ይላል፤ በዚያው ይነጋል። እንግዶቻችን ያቺን ምሽት እንዲጠቀሙባት ያደረገልንን የደሴ ባለባጃጅ በአደባባይ ልናመሰግነው ወደድን። ስልኩን እዚህ አንለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ እናገናኛችኋለን። ምስጋናው በደፈናው እንዳይቀር ግን አሠራሩን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?» ሌሊት 11 ሰዓት ካላችሁት፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ሆቴላችሁ በር ላይ ያወርዳችኋል። የቀረውን ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠረ ያከፋፍለዋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ብዙ ይመስላል፤ ብርሃን ያለው ግን አንዱ ሰዓት ብቻ ነው። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በሰኔ 12 ሰዓት ተኩልን ታልፋለች። የጦሳ ተራራ ደግሞ በምዕራብ በኩል ስለቆመ ከተማው ላይ ጥላ የሚወድቀው ከዚያም ቀድሞ ነው።

እንግዳ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ወደ ምዕራብ ያፈጣል፣ የሚያየው የተራራ ጀርባ ነው። ይህ ልጅ ሰዉን ከጦሳ ግርጌ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሞ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ከታች ከተማው ጥላ ውስጥ ገብቷል፣ ከማዶ አዝዋ ገደል ገና ቀይ ነው። ሃያ ደቂቃ አይቆይም። ፎቶ የሚነሳ ሰው ስልኩን አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት።

አይጠየፍን ከዚያ በፊት ያስቀድመዋል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ማንም ሳይናቅ የሚበላበት ማለት ነው። በሥራ ሰዓት ካልደረሳችሁ ከውጭ አይታችሁ ታልፋላችሁ፣ ይህንንም ሳይሸፋፍን ገና ሳትሳፈሩ ይነግራችኋል። የደሴ ሙዚየምን ለምሽት እንግዳ አያቅድም።

ከሦስት ሰው በላይ አይጭንም፤ ብትለምኑትም አይሰማም፣ ከበለጣችሁ ሁለተኛ ባጃጅ ይጨመራል። ልክ ነው። የደሴ ዳገት ላይ ባጃጅ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይሸታል፣ መሃል ዳገት ላይ ይቆማል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የኮብልስቶኑን ቁልቁለት ትቶ በአስፋልት ይዞራል። ጎርፍ ካቋረጠ በኋላ ፍሬኑን ሦስት አራቴ ቀስ እያለ ሲረግጥ ታያላችሁ፤ የፍሬኑ ከበሮ ውስጥ ውሃ ሲገባ ስለማይዝ በሙቀቱ እያደረቀው ነው። አትደንግጡ።

ሲጨልም ቡና ነው። ከጥሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያንን ያህል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምሽቱን ይበላዋል። ስለዚህ ከጦሳ መውረድ ሲጀምር ለቡና አፍይዋ ይደውላል፤ «እትዬ፣ ስድስት ነን፣ መጣን» ይላታል፣ ራሱንና ሁለተኛውን ባለባጃጅ ቆጥሮ። ስትደርሱ ጭሱ በር ላይ ይቀበላችኋል፣ አቦሉ ሊቀዳ ነው።

እራት ላይ ሳይቀመጥ በፊት ሁለት ነገር ያጣራል፦ ጾመኛ አለ ወይ፣ ሥጋውስ የክርስቲያን ነው የእስላም። ደሴ ሥጋ ቤቱ የተለየ ስለሆነ የተቀላቀለ ቡድን ይዞ ዝም ብሎ መግባት ማሸማቀቅ ነው። ሽሮ፣ ዓሣ የማይበላ ጾመኛ ከሌለ ደግሞ የሐይቅ ዓሣ ካለ ሁሉም አንድ ትሪ ይቀርባሉ። ቅቅል ግን አታዙ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቀድሞ ያልተጣደ ሥጋ አይበስልም፤ ጥብስ ይሻላል።

አንድ ምክሩን እኛም ሥራ ላይ አውለነዋል። ወደ ሰሜን የሚሄድ ኮምቦልቻ አይደር፤ ያቺን 25 ኪሎ ሜትርና የሐረጎን ዳገት ዛሬውኑ ጨርሶ ደሴ ይግባ፣ በክረምት ጠዋት ጉም መንገዱን ይዘጋዋልና። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ግን ኮምቦልቻ ቢያድር ያዋጣዋል። ደሴ በ650 ሜትር ገደማ ስለምትበልጥ በአራት ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ሹራባችሁን ሻንጣው ሥር አትቅበሩት፣ ጋቢም አይከፋም።

እንከኑንም እንናገር፦ የባጃጁ የጎን ሸራ ነፋስ ያስገባል፣ ልጁም ወሬ ያበዛል። ዋጋ የሚነጋገረው በኮንትራት ነው፤ ቆሞ መጠበቁን ጨምሮ መሆኑን ሳትነሱ አስረግጡ፣ ለሁለተኛው ባጃጅም ለየብቻ። ባጃጅ ማታ ሥራ የሚያቆምበት ሰዓት አንዳንዴ በመመሪያ ስለሚያጥር በደወላችሁበት ቀን የዕለቱን ጠይቁት።

ለግሸን ንግሥ፣ ለመስከረም 21 ሰሞን ከሆነ የምትመጡት፣ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ደውሉለት። ያን ጊዜ ደሴ ላይ አልጋም እሱም በቀላሉ አይገኙም።