«የዛጎል ለቀማ ጉዞ» የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ፤ ዛጎሉን በሳፋ አምጥተው ነው የሚበትኑት

ትናንት ነው የሆነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ግን ሌላ ሰው ይሸወዳል፤ ስለዚህ አሁኑኑ ልጻፈው።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ለአገሩ እንግዳ መሆናችሁን ከሩቅ ይለያሉ። ገና ሻንጣችሁን ሳታስቀምጡ «ማንም የማያውቀው ዳርቻ አለ» ይላሉ። ፎቶ ያሳያሉ፣ «ቦታ እያለቀ ነው» ይላሉ፣ ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ ይቀበላሉ። የተለመደው ነው፤ እዚያ ላይ አልቆይም።

እኛ ዛጎል መግዛት አልፈለግንም። የከፈልነው ራሳችን ፈልገን ለማግኘት ነው። ይሄ ለአንዳንድ ሰው ልዩነት የሌለው ነገር ሊመስል ይችላል። ትልቅ ልዩነት አለው። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ዛጎል በብዛት ከነሕይወቱ ከባህር የተያዘ ነው። እንስሳው ይገደላል፣ ሥጋው ይወጣል፣ ቅርፊቱ ይታጠብና ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀባል። ባህሩ ራሱ ዳርቻ ላይ የሚጥለው ሌላ ነው። ፀሐይ ያደበዘዘው፣ አሸዋ የፈተገው፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ነው። እኔና ጓደኞቼ የምንወደው እሱን ነው። ስንነሳ የተስማማነውም ባዶውን ብቻ ልናነሳ ነበር። ውስጡ ነፍስ ያለው ነገር ካለ፣ ወይም ባዶ ዛጎል ቤቱ የሚያደርገው ሸርጣን ገብቶበት ከሆነ፣ ወዳገኘንበት እንመልሳለን። ይህን ለአስጎብኚው በግልጽ ነገርነው። «እንደናንተ ዓይነት ሰዎች ደስ ይሉኛል» አለን።

በጠዋት ይመጣል የተባለው መኪና የመጣው ከረፋድ በኋላ ነው። በየመንገዱም ይቆማል። አንዴ ነዳጅ፣ አንዴ የሚያናግረው ሰው አለ። ዛጎል ለቀማ የሰዓት ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ባህሩ ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ 6 ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። ዛጎል የሚገኘው ውሃው ሲሸሽ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ደግሞ ውሃው ይበልጥ ይርቃል። ቀኑን የመረጥነው ይህን አይተን ነበር። ስንደርስ ግን ውሃው አለቱ ድረስ ሞልቷል። የቀረው አሸዋ ጠባብ ነው። ጓደኛዬ ስለ ሰዓቱ ስትጠይቀው «እዚህ ሰዓት አያስፈልግም፤ ዛጎሉ ሁልጊዜ አለ» አላት።

ሌላም ነገር ነበር። ዛጎል የሚያውቅ አስጎብኚ እንግዳ ሰው አሸዋውን ከመርገጡ በፊት ምን መንካት እንደሌለበት ይናገራል። በህንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ኮን የሚባል ቀንድ አውጣ አለ። ቅርፊቱ በጣም ያምራል፤ ሰው የሚያነሳውም ለዚያ ነው። እንስሳው መርዘኛ ነው። ከዝርያዎቹ መካከል ሰው የገደለ አለ፤ ለመርዙም ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ይሄኛው ሰውዬ ስለ እንዲህ ዓይነት ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። በጣቱ አንድ ጥግ አሳየን፣ «እዚህ ጋ ፈልጉ» አለን፣ ስልኩን አውጥቶ ተቀመጠ።

ፈለግን። አገኘን። ያውም ምን ዓይነቱን! አንዷ ጓደኛዬ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ከንፈሩ ሮዝ የሆነ ትልቅ ዛጎል ከአሸዋ ስታወጣ ጮኸች። ሁላችንም እየሮጥን ሄድን። ተቃቀፍን። አስጎብኚው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳና ፎቶ አነሳት። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ጥምዝምዝ ቅርጽ ያለው፣ ቡናማ መስመር የተሠመረበት ናውቲለስ አገኘች። ይሄኔ ነው ዛጎል ጠንቅቃ የምታውቀው ጓደኛችን ዝም ያለችው። ሁለቱንም ተቀብላ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠቻቸው። ባለ ሮዝ ከንፈሩ ኩዊን ኮንክ ነው። የሚኖረው በካሪቢያንና በዙሪያው ባለው የምዕራብ አትላንቲክ ባህር ነው። ናውቲለስ ደግሞ የህንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓስፊክ እንስሳ ነው። ሁለቱ በአንድ ዳርቻ በተፈጥሮ አይገናኙም። ኮንኩን ገለበጠችው። ጫፉ አካባቢ በስለት የተከፈተ ቀጭን ቀዳዳ አለው። ዓሣ አጥማጆች ሥጋውን ለማላቀቅ የሚከፍቱት ቀዳዳ ነው። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል።

እኔ ግን አሁንም ማመን አቃተኝ። ምናልባት ሌላ ሰው ጥሎት ሄዶ ይሆናል አልኩ። ጫማዬ ውስጥ የገባውን አሸዋ ላራግፍ ከአለቱ ጀርባ ዞርኩ።

እዚያ አንድ ወጣት ተንበርክኳል። ጎኑ ሰማያዊ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ሙሉ ዛጎል ነው። አንድ አንድ እያነሳ፣ ግማሹን በአውራ ጣቱ አሸዋ ውስጥ እየቀበረ፣ ዙሪያውን በመዳፉ ያስተካክላል። ትልቁን ከአለቱ ሥር፣ ትንንሾቹን ራቅ ራቅ አድርጎ፣ እንደ ገበሬ ይዘራል። ለቀጣዮቹ እንግዶች መሆኑ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ይደነግጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልደነገጠም። እጁን እንኳ አላቆመም። «እህቴ፣ እዚህ ገና ነው፤ የእናንተ በዚያ በኩል ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ድምፁ ውስጥ እፍረት የሚባል ነገር የለም። ወረፋዋን የሳተች ሰው ነው ያደረገኝ።

ይሄ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ። የገንዘቡ ነገር ያናድዳል፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ጓደኛዬ የጮኸችው፣ የተቃቀፍነው፣ ያ ሁሉ ደስታ በሳፋ ተሰፍሮ የመጣ ነበር። እንስሳ ተገድሎ እንዳይሸጥልን ብለን ነው ሱቅ ያልገባነው። እነሱ ያንኑ የሱቅ ዛጎል አሸዋ አልብሰው እጃችን ላይ አስቀመጡት።

ጭቅጭቁ የተነሳው መውጫው ላይ ነው። ጠረጴዛ አለ፤ ካልኩሌተር የያዘች ሠራተኛ ተቀምጣለች። የከፈልነው ለመኪናና ለመግቢያ ብቻ ነው አሉ። ዛጎሉ በፍሬ ይከፈልበታል። «ያገኛችሁት የእናንተ ነው» ያለን ሰው ፊቱን ወደ ባህሩ አዙሮ ቆሟል። እሺ፣ አንፈልግም፣ ብለን ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርነው። «የተነካ ተቆጥሯል» አለች። ሳፋውን አይቻለሁ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወደ ባልደረባዋ ዞራ «ይቺ ደግሞ ባህሩ ራሱ ያመጣልኛል ብላ ነው እንዴ?» አለችው። አብረው ሳቁ። እኛ እዚያው ፊታቸው ቆመናል።

አስጎብኚውን ያዝኩት። ጠዋት «እመቤቴ፣ ቀስ ብለው ይግቡ» እያለ በር ሲከፍትልኝ የነበረ ሰው ነው። «አንቺ ልጅ፣ አትጨቅጭቂ፤ ካልከፈላችሁ መኪናው አይነሳም» አለኝ። በዚያ መንገድ ሌላ መኪና አያልፍም። ፀሐይዋ እየወረደች ነው። ከፈልን። ደረሰኝ ስንጠይቅ «የምን ደረሰኝ» ተባልን። ዛጎሎቹን ጠረጴዛው ላይ ጥለናቸው ሄድን፤ አንዱንም አልያዝንም። ገና መኪናው ሳይነሳ ያቺ ሠራተኛ ሰብስባ ወደዚያው ሰማያዊ ሳፋ ስትመልሳቸው አይቻታለሁ።

ይዘናቸው ቢሆን ኖሮ ሌላ ጣጣ ነበረው። ኩዊን ኮንክ እ.ኤ.አ. ከ1992፣ ናውቲለስ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ተገቢው ወረቀት ሳይኖራችሁ ድንበር ላይ ብትያዙ ሊወረስባችሁ ይችላል፤ እንደ አገሩም ልትቀጡ ትችላላችሁ። በሳፋ የሚበትነው ሰው ያን ጊዜ አጠገባችሁ አይኖርም።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የባህሩን ሙላትና ሽሽት ሰዓት ራሳችሁ ከሠንጠረዥ እዩ። በሙላት ሰዓት የሚወስዳችሁን አትከተሉ። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አትስጡ። ያገኛችሁት ዛጎል እንደማይከፈልበት በጽሑፍ አስላኩት። ደረቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽታ ያለው ዛጎል አሸዋ ላይ ካያችሁ እጃችሁን አታሳርፉበት። መመለሻም በሌላ በኩል ይኑራችሁ።

ዛሬ ጠዋት ስንደውልለት ስልኩን አያነሳም፤ ማስታወቂያው ግን እንዳለ ነው። አዲስ ፎቶም ጨምሮበታል። ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋ ትልቅ ዛጎል በሁለት እጇ ይዛ የምትስቅ ሴት ካያችሁ ጓደኛዬ ናት። ሳትፈቅድላቸው ነው የለጠፉት። እንዲያነሱት ጽፈንላቸዋል፤ አላነሱትም። ፎቶውን አይታችሁ እንዳትከፍሉ።