ዛንዚባር፣ ሲሸልስ ወይስ ማልዲቭስ? ለጥር ሙሽሮች፣ ለፋሲካ ሙሽሮችና ለክረምት ተጓዦች የነፋስና የባሕር ንጽጽር

የጫጉላ ሽርሽር ፓኬጅ የሚሸጡ ድርጅቶች የሚያሳዩት ፎቶግራፍ ከደሴት ደሴት እምብዛም አይለይም፤ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውኃው ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍና እንደ ብርጭቆ የጠራ ባሕር ሁሉም ዘንድ አለ። ፎቶግራፉ በየትኛው ወር እንደተነሣ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ይሁን ሸሽቶ፣ የባሕር ዳርቻውስ ፊቱን ወደ የትኛው ነፋስ እንዳዞረ ግን የሚነግረን የለም። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ለማረፍ ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ ዘወትር የሚቀርቡት ምርጫዎች ዛንዚባር፣ ሲሸልስና ማልዲቭስ ሲሆኑ፣ «የቱ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ሰርጉ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው። እኛ ዘንድ ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስለሆነ፣ ይህ ንጽጽር በቅድሚያ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ላይ ያተኩራል፤ ልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጉ በክረምት ለሚጓዙም ቦታ ይሰጣል።

በመጀመሪያ የሙቀት ቁጥር ማነጻጸር ብዙ እንደማይጠቅም መታወቅ አለበት። ሦስቱም ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቁ ውኃው በየትኛውም ወር ለዋና የሚመች ነው፤ በዛንዚባርና በሲሸልስ በነሐሴ 26 ዲግሪ አካባቢ ይሆንና በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ 29 ይጠጋል፤ በማልዲቭስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ28 እስከ 30 ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን የሚለውጠው ነፋስ ነው። ዛንዚባሮች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን «ካስካዚ»፣ በእኛ ክረምት ከደቡብ የሚመጣውን «ኩሲ» ይሉታል፤ የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች ጀልባ በአንደኛው ወደ ዛንዚባር መጥቶ በሌላኛው ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። በሁለቱ ነፋሶች መካከል ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉ፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው ከባዱ ዝናብ «ማሲካ»፣ በኅዳር ግድም የሚጥለው ቀለል ያለው ደግሞ «ቩሊ» ይባላል።

ወደ ጥር ስንመጣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ማልዲቭስ አብዛኛው ክፍሏ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ደረቅ ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ባሕሩም ይረጋል። ዛንዚባርም በዚህ ወር ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ወበቁ ያይላል፤ ቀትር ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ ከአዲስ አበባ የጥር ማለዳ ብርድ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ላብ በላብ ሆኖ ያሳልፋል። ሲሸልስ ግን በጥር የዓመቱን ከፍተኛ ዝናብ የምታስተናግድ አገር ናት፤ በዋናዋ ደሴት በማሄ በዚህ ወር በአማካይ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ ይህም አዲስ አበባ በነሐሴ ከምታገኘው የሚበልጥ ነው። የማሄ ተራራ 905 ሜትር ከፍታ ስላለው ደመናውን ይዞ ያስቀረዋል። ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወርዶ ፀሐይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው፤ ይሁንና አከታትሎ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያለቅስበት ጊዜም አለ፣ ለአምስት ሌሊት የሄደ ሙሽራ ደግሞ ሦስት ቀን የሚያባክንበት አቅም የለውም። ስለዚህ ሰርጉ በጥር ለሆነ ሰው፣ ኪሱ ከፈቀደ ማልዲቭስ፣ ካልፈቀደ ደግሞ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ያለው ዛንዚባር ይሻለዋል። ሲሸልስ በዚህ ወር ሦስተኛ ናት።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ደረጃው ይገለበጣል። ሚያዝያ በዛንዚባር የማሲካ እምብርት ነው፤ አንዳንድ ሆቴሎች በሚያዝያና በግንቦት ፈጽመው ይዘጋሉ፣ ክፍት የሚቆዩትም ዋጋቸውን በእጅጉ ይቀንሳሉ። «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ በፋሲካ ሰሞን ሲበዛ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከቅናሹ ጋር የሚመጣው ጭቃና የተዘጋ ሰማይ መሆኑን አውቆ የሚገዛ ሰው አልተታለለም፤ ሳያውቅ የሚገዛ ግን ያዝናል። በማልዲቭስም ከግንቦት ጀምሮ ሞንሱን የሚባለው የደቡብ ምዕራቡ ወቅታዊ ነፋስ ዝናብና ወጀብ ይዞ ይገባል። በአንጻሩ ሲሸልስ በሚያዝያ በሁለቱ ነፋሶች መካከል ባለው የጸጥታ ጊዜ ውስጥ ትሆናለች፤ ነፋሱ ይተኛል፣ ባሕሩ እንደ ሐይቅ ይለሰልሳል፣ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይዞ ዓሣ ለማየት ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ይኸው ጸጥታ በጥቅምት መጨረሻ ግድም ይመለሳል። ግንቦት ከገባ በኋላ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ቀስ በቀስ መጠንከር ስለሚጀምር፣ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ጉዞን ባያዘገዩ ይመረጣል።

በክረምት፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ፣ ዛንዚባር ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ በእኔ አስተያየት ለቤተሰብ ጉዞ ከሦስቱ የሚመረጠውም እሱ ነው። ሲሸልስም በእነዚህ ወራት ዝናቧ አነስተኛ ቢሆንም ነፋሱ ይበረታል፤ ከማሄ ወደ ፕራላን ደሴት ለአንድ ሰዓት ያህል የሚጓዘው ፈጣን መርከብ በዚህ ወቅት ስለሚናወጥ ሆዱ የሚረበሽ ሰው አስቀድሞ መድኃኒት ቢወስድ ይበጀዋል። ማልዲቭስ በክረምት ዝናባማ ናት፤ ይሁን እንጂ ማንታ የሚባለውን ግዙፍና ጠፍጣፋ ዓሣ በብዛት ማየት የሚፈልግ ሰው መሄድ ያለበት በዚሁ ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ባ አቶል በሚባለው ቀለበት መሰል የደሴቶች ስብስብ ውስጥ ወደሚገኘው የሃኒፋሩ ባሕረ ሰላጤ በመንጋ ይመጣሉ።

ከዝናብ ይልቅ ተጓዥን የሚያስደነግጠው፣ ሻጮችም አዘውትረው የሚዘሉት ጉዳይ የባሕሩ መሸሽና መመለስ ነው። ባሕር የሌላት አገር ልጆች ስለሆንን ይህን ማን አስተማረን? ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየዕለቱ በሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በማልዲቭስ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ገደማ፣ በሲሸልስ ቢበዛ ሁለት ሜትር የማይሞላ በመሆኑ ብዙ አይሰማም። በዛንዚባር ግን ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ወደ አራት ሜትር ይደርሳል። በምሥራቁ ጠረፍ፣ በፓጄ፣ በጃምቢያኒ ወይም በማተምዌ፣ የባሕሩ ወለል ሜዳ ስለሆነ ውኃው ሲሸሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እስከ ኮራሉ (እንደ ዐለት የጠነከረ የባሕር ውስጥ ፍጥረት) አጥር ድረስ ይሄዳል። ማታ በሞላ ባሕር ዳር ራቱን የበላ እንግዳ ጠዋት መጋረጃውን ሲከፍት የሚያየው እርጥብ አሸዋ፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎችና እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ውስጥ አጎንብሰው፣ በችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም የሚሰበስቡ ሴቶችን ነው። ትዕይንቱ ራሱ መሄድ የሚያስመኝ ነው፤ ለመዋኘት ለከፈለ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ኮራሉ በእግር የሚሄድ ሰው የባሕር ጃርት እሾህ እንዳይወጋው ጠንካራ ጫማ ማድረግ አለበት፤ ውኃው ሲመለስም ከኋላ ዞሮ ስለሚሞላ መንገድ የሚያውቅ የአገሩ ሰው ሳይዙ መራቅ አይገባም።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚያመች አንድ ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ስለሆነ፣ ጀልባ ነጂው «ሳአ ንኔ» ካለ የእኛው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን በዛንዚባር ባሕሩ የሚጎድለው በግምት በዚሁ ሰዓት ሲሆን፣ ሞልቶ የሚገኘው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። በሙሉ ጨረቃ ራት ለመብላት ብለው ቀኑን የሚመርጡ ሙሽሮች በዚያው የወሩን ትልቁን የባሕር ሽሽት እየመረጡ መሆናቸውን ይወቁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየትኛውም ሰዓት መዋኘት የሚፈልግ ሰው በሰሜን ጫፍ በኑንግዊ ወይም በኬንድዋ ክፍል ይያዝ፤ እዚያ ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ባሕሩ ብዙም አይሸሽም፤ ኬንድዋም ፊቷን ወደ ምዕራብ ስላዞረች ከኩሲ ነፋስ ትከለላለች። ፓጄ ደግሞ ነፋሱን ለሚፈልጉት፣ በነፋስ በሚነዳ ካይት እየተጎተቱ በሰሌዳ ላይ ቆመው በባሕሩ ላይ ለሚንሸራተቱ ለካይት ሰርፊንግ አፍቃሪዎች የተመቸ ነው።

በሲሸልስ የሚያስፈልገው የጨረቃ ሳይሆን የአቅጣጫ እውቀት ነው። በክረምት የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ በሰሜን ምዕራብ ያሉት ዳርቻዎች፣ ማለትም በማሄ ቦ ቫሎን፣ በፕራላን አንስ ላዚዮ፣ ከነፋሱ ተከልለው ይረጋሉ፤ በጥር ደግሞ ማዕበሉ በእነርሱ ላይ ይዞራል። የላ ዲግ ደሴት ግራንድ አንስ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በክረምት ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ጅረት ስላለው ዋናተኛን እንኳ ሊወስድ ይችላል፤ ውበቱን አይቶ መመለስ ይበቃል። በዚያው ወቅት ነፋሱ ፊት ለፊት በሚያገኛቸው ዳርቻዎች የባሕር ሣር ተከምሮ ይሸታል፤ ይህ የሆቴሉ ቸልተኝነት ስላልሆነ በእንግዳ መቀበያው ላይ መቆጣት ፋይዳ የለውም።

ስለ ሳይክሎን፣ ማለትም ስለ ብርቱው የባሕር አውሎ ነፋስ፣ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ኃይለኛ ሳይክሎን ለምድር ወገብ በጣም በቀረበ ቦታ አይፈጠርም፤ በዚህ ረገድ ከሞሪሸስ ይልቅ ሦስቱም የተሻሉ ናቸው። ፍጹም ነጻ ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፋንታላ የሲሸልስን ሩቅ ደሴት ፋርኩሃርን መትቷል፣ በግንቦት 2024 መጀመሪያም ሂዳያ ወደ ታንዛኒያ ጠረፍ ተጠግቶ ነበር።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሆቴሉ በደሴቲቱ በየትኛው ወገን እንዳለ፣ በሚሄዱባቸው ቀናት ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት ስንት እንደሆነ፣ የጀልባ ጉዞ በማዕበል ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ያጣሩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ማልዲቭስን የሚመርጥ ሰው አራተኛ ጥያቄ አለው፤ ወደ ራቅ ያሉት ሪዞርቶች የሚወስዱት በውኃ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ በረራው አመሻሽ ላይ ዋና ከተማዋ ማሌ የሚደርስ ከሆነ የመጀመሪያው አዳር ሪዞርቱ ላይ ሳይሆን ከተማ ውስጥ ይሆናል፤ የዚያን ሌሊት ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ከአሁኑ ይነጋገሩ።