ጥንቃቄ፦ መንገድ ዳር የሚሸጠውን «ሚኒ ጋርደን» ክዳኑን ሳትከፍቱ አትግዙ

በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ መውጫ ችግኝ በሚሸጥባቸው መንገድ ዳሮች አሁን «ሚኒ ጋርደን» የሚሉት በዝቷል፦ በመስታወት ዕቃ ወይም በሲሚንቶ ሳህን ውስጥ ሦስት አራት ትንንሽ ተክል፣ ነጭ ጠጠር፣ የእንጨት ጎጆ ከነአጥሯ። ለምርቃትና ለአዲስ ቤት ስጦታ ብዙ ሰው ይገዛዋል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ተጠንቀቁ የምንለው ብዙዎቹ ገና ሲሸጡ እንዲሞቱ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ ነው። ተክሉ ወር ሳይሞላው ሲበሰብስ ገዢው «እጄ ለአትክልት አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። እጁ ምንም አላጠፋም።

ዋናው ጥፋት በክዳን በተዘጋ መስታወት ውስጥ ሰኩለንት መትከል ነው። ኢቼቬሪያ፣ ጄድ፣ ሀዎርቲያና የመሳሰሉት ውኃ በቅጠላቸው የሚያጠራቅሙ፣ ደረቅ አየር የሚወዱ ናቸው። ሲታፈኑ መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል ውኃ ይሞላና ሲነኩት ይረግፋል፤ በመጨረሻ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይጠቁራል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ክዳኑን መክፈት ብቻውን አያድነውም።

በተዘጋ ዕቃ ተክል ማሳደግ ራሱ ግን እውነተኛ ነገር ነው። በ1829 እ.ኤ.አ. ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ለሌላ ጉዳይ በዘጋው ጠርሙስ ውስጥ ፈርን በቅሎ አየ፤ ከዚያ ወዲህ በርካታ ችግኞች በመርከብ ውቅያኖስ የተሻገሩት በዚያ ሐሳብ በተሠራ የመስታወት ሳጥን ነው። ከአፈሩ የሚተነው ውኃ መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ የሚስማማው እርጥበት ለሚወዱ ነው፤ ለፈርን፣ ለፊቶኒያ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ለሚወጣው አረንጓዴ ሞስ። ጠዋት ጤዛ ታይቶ እኩለ ቀን አካባቢ ከጠፋ ውኃው ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወቱን ካላበው ክዳኑን ለጥቂት ሰዓት ክፈቱ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ላይ ግን አታስቀምጡት፤ የተዘጋ መስታወት ሙቀት ያጠራቅምና ተክሉን ይቀቅለዋል። እንግዲህ ሰኩለንትና ሞስ በአንድ ዕቃ ጎን ለጎን ተተክለው ካያችሁ አንዱ የሌላውን ውኃ መቋቋም አይችልምና ጥላችሁ እለፉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀዳዳ ነው። ዕቃውን ገልብጣችሁ ከሥር እዩ። ቀዳዳ ከሌለው ሻጩ «ከታች ጠጠር አለው፣ ውኃው ወደዚያ ይወርዳል» ይላል። ይህን ማብራሪያ አትቀበሉ። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ መያዝ የሚችለውን ያህል ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ እርጥቡን አፈር ወደ ተክሉ ሥር ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያደርቀውም። አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሳህን ውስጥ ሁለቱ ሳንቲ ሜትር ጠጠር ከሆነ ለተክሉ ሥር የቀረው ቦታ በሙሉ ጭቃ ነው።

አፈሩም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በሱሉልታ ሜዳና በአቃቂ በኩል ያለው ዋልካ በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ ዕቃው የሚሞላው በእሱ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። ጥቂት አፈር አርጥባችሁ በሁለት ጣት አሹት፤ እንደ ሊጥ ተድቦልቦሎ ቀጭን ገመድ ከወጣው ለትንሽ ዕቃ አይሆንም።

አፈሩን ለማየት ስትሞክሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠጠሩ አይነሳም። መኪና ላይ እንዳይፈስ ብለው በኮላ ያጣብቁታል። ስቴኪኒ ይዛችሁ በጠጠሮቹ መሐል ውጉ፤ ካልገባ ላዩ ቅርፊት ነው፣ ውኃም አየርም እንደ ልብ አያልፍም። ከዚያ ተክሉን ከግንዱ ሥር ይዛችሁ በጣም በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ሥር ያለው አፈሩን ይዞ ይቋቋማል። ትናንት ተቆርጦ የተሰካው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሰኩለንት ሥር ባይኖረውም በቅጠሉ ውኃ ለሳምንታት አምሮ ይቆያል፤ አጭበርባሪው የሚተማመነውም በዚህ ነው። ሥር ያላወጣ ቁራጭ መሸጥ ነውር የለውም፣ ግን እንደዚያ ተብሎና በቁራጭ ዋጋ ይሸጥ።

ደማቅ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ወርቃማ ቁልቋል አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ነው። ቀለሙ ብርሃን ይከለክላል፤ ቢተርፍ እንኳ አዲስ የሚያድገው ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። አናቱ ላይ ያለው ደረቅ አበባም በትኩስ ኮላ የተለጠፈ ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ ተመልከቱ። በኢንተርኔት «የቦንሳይ ዘር» የሚባለውን ደግሞ ጨርሶ አትግዙ፤ ቦንሳይ ተራ ዛፍን በመግረዝና በመጠምዘዝ የማሳጠር ሙያ ነው፣ የራሱ ዘር የለውም። ሞሱ ከእንጦጦ ጫካ የመጣ ነው የሚላችሁ ሰው ካለም አትውሰዱለት። ቤት ውስጥ ይደርቃል፣ የተገፈፈበት ድንጋይ መልሶ እስኪለብስ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

በቴሌግራም ካዘዛችሁ ቅድሚያ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የዕቃውን ሥር፣ የጠጠሩን መነሳትና የተክሉን መሳብ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ጠይቁ። ፎቶው የእሱ ላይሆን ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ደረሰኝም ጠይቁ።

ይህን ሁሉ የምንለው ነገሩን ስለምንወደው ነው። ትንሽ አትክልት ደስታው ሲሠሩት ነው፣ ወጪውም ከተዘጋጀው በእጅጉ ያነሰ ነው። ከከተማው ዳር ሰፈሩ ሁሉ ግንባታ ላይ ስለሆነ ለወለል ሙሊት የሚመጣ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) አይጠፋም፤ አስፈቅዳችሁ ግማሽ ባልዲ ብትወስዱ ለብዙ ሳህን ይበቃል። በወንፊት ነፍታችሁ ከሦስት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር የሚሆነውን አስቀሩ፣ አቧራውን በውኃ እጠቡ፤ አቧራው ከቀረ የአየሩን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍነዋል። ለሰኩለንት ሁለት ጣሳ ሬድ አሽ፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ ጣሳ ቀይ አፈር ቀላቅሉ። ዕቃው ቢያንስ ስምንት ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ የወባ አጎበር ብታደርጉ አፈሩ አይፈስም። አዲስ የሲሚንቶ ሳህን ከሆነ ኖራውን እንዲለቅ ውኃውን እየቀያየራችሁ ሁለት ሳምንት ዘፍዝፉት።

የቆረጣችሁትን ግንድ ቁስሉ እስኪደርቅ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩ፤ ደረቅ አፈር ላይ ትከሉ፤ የመጀመሪያውን ውኃ ከሳምንት በኋላ ስጡ። ረጅሙን ከመሐል ሳይሆን ወደ ኋላና ወደ ጎን አድርጉት፤ በተክሎቹ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ክፍት ቦታ ተዉ፣ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። የወደቀ የኢቼቬሪያ ቅጠል ካለ አትጣሉት፣ አፈሩ ላይ አጋድሙት። ከሳምንታት በኋላ ከተቆረጠው ጫፍ ሮዝ ክር የመሰለ ሥር ያወጣል፤ ቀጥሎ ከሽምብራ ያነሰ፣ ቅጠሉ ሁሉ የተሟላ ሕፃን ተክል ይወጣል። ልጆች በየጠዋቱ ሄደው የሚያዩት ያንን ነው።

በበጋ በየአሥር ወይም በየአሥራ ሁለት ቀኑ፣ በክረምት በወር አንዴ ማጠጣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቀኑን ከመቁጠር ግን ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰክቶ ማውጣት ይሻላል፤ አፈር ይዞ ከወጣ ቆዩ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከዝናብ አስጠልሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሱሉልታና ከፍ ያሉት ሰፈሮች ውርጭ ስለሚጥልባቸው ማታ ወደ ቤት አስገቡ።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ክዳኑን አንሱ። የተጣበቀውን ጠጠር ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ በሹካ ፈልቅቁት፣ ተክሉን አውጥታችሁ ጭቃውን ከሥሩ አራግፉ። ግንዱ ከጠቆረ ውስጡ ንጹሕ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ በንጹሕ ምላጭ ከጠቆረው በላይ ቁረጡት፤ በእያንዳንዱ ቁርጥ መካከል ምላጩን በአልኮል ጥረጉ። የተረፈውን አድርቃችሁ በሬድ አሹ ድብልቅ ላይ አቁሙት፤ በቀስታ ስትስቡት መቋቋም እስኪጀምር ድረስ ውኃ አታብዙበት።