ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ ዌብሳይት ለሠራልኝ ልጅ

ቤተሰብ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ብቻ ማለፍ አልሆንልሽ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምሸጥ ሴት ነኝ። ዌብሳይት የሚባል ነገር ሁለተኛ ፊቴ እንዳይነሳ ብዬ ምዬ ነበር።

ምን አቃጠለሽ ብትሉኝ፣ የመጀመሪያው ሰው ሙሉውን ብር በቅድሚያ ተቀብሎ ገጹ የበዛ ነገር ሠራልኝ። «ስለ እኛ» የሚል ገጽ፣ «ራዕይና ተልዕኮ» የሚል ገጽ፣ «ዜና» የሚል ገጽ። ጥለትና ጥልፍ የምሸጥ ሰው ምን ዜና አለኝ? ግማሹን ስትነኩት «በቅርቡ ይጠብቁን» ይላል። ጠበቅን! ከላይ የለጠፋት ሴትዮ የለበሰችው ደግሞ የህንድ ሳሪ ነው። ዓመቱ ሲዞር ጭራሽ ዌብሳይቱ ራሱ ጠፋ። ለካ አድራሻውን ያስመዘገበው በራሱ ስም ኖሯል። ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይለኛል፣ ኋላማ ስልኬን ማንሳትም ተወ። ሌላ ቦታ ሄጄ ብጠይቅ የነገሩኝ ዋጋ ሱቄን የሚገዙኝ ነው ያስመሰለው። ስማቸውን አልጠራም፣ እግዜር ይያቸው።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ ለሚዜነት ልብስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛዬ ናት። የመጣ ዕለት ኮምፒውተሩን እንኳ ከቦርሳው አላወጣም። «እትዬ፣ መጀመሪያ ደንበኞችዎ ደውለው የሚጠይቁዎትን ልስማ» ብሎ ነጠላ ከተከመረበት ጥግ በርጩማ ስቦ ቁጭ አለ። ፋሲካ ተቃርቦ ስለነበር ስልኬ እረፍት የለውም። ከቨርጂኒያ ይደወላል፣ ከዱባይ ይደወላል፣ ከቦሌ ይደወላል። እሱ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ዋጋው ስንት ነው? ፈትል ነው ሽፎን? ነጠላው አብሮ ነው? ልኬቴን እንዴት ልላክ? ለበዓሉ ይደርሳል? በሰው ነው የምትልኩት በፖስታ? ሲመሽ ደብተሩን አሳየኝ። ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሚጠይቀው፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ እምብዛም አይለወጥም። «የእርስዎ ዌብሳይት ይሄው ነው፣ አንድ ገጽ ይበቃዎታል» አለኝ።

አንድ ገጽ ሲለኝ ሥራ ሊቀንስ ነው ብዬ ጠርጥሬው ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ሰው የሚያየው በስልኩ ነው፣ በአውራ ጣቱ ወደ ታች እየገፋ ይሄዳል፤ ከገጽ ገጽ ሲዘዋወር ግን በየጊዜው እስኪከፈት መጠበቅ አለበት፣ መስመር ሲደክም ደግሞ ትቶት ይወጣል። ስለዚህ ልብሱ፣ ዋጋው፣ የልኬት አወሳሰዱ፣ የመላኪያው ነገር፣ ሁሉም እንደ አመጣጡ በአንድ ገጽ ተደርድሯል። የቀረው አልገባኝም፣ አልዋሽም። ፎቶዎቹን «አቅልዬልዎታለሁ» ብሎኛል፤ ፎቶ እንዴት እንደሚቀል እኔን አትጠይቁኝ።

ልጄ ባሕር ማዶ ከሄደች ወዲህ አጠገቤ ተቀምጦ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። «ማዘር፣ ይሄ አይገባሽም» ነው የምሰማው።

ሠርቶ ሲጨርስ የሸማኔዬን ስልክ ተዋሰ። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። በዋይፋይ ሳይሆን በዳታ ሞከረው፣ ወዲያው ተከፈተ። ቀጥሎ ሜሪላንድ ላለችው አክስቴ አስደወለኝና እያየች እንድታወራን አደረገ። አክስቴ ልብሶቹን አይታ አይታ «ቆንጆ ነው፣ ስልክሽ የታለ?» አትልም! ቁጥሩ ለካ ከታች መጨረሻ ላይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ወደ ታች ይውረዱ» ብሎ ይገላገላል። እሱ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ አስተካከለው። አሁን ወደ ላይም ወደ ታችም ብትሄዱ የመደወያዋ ምልክት አብራችሁ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው፣ በእውነት እጁ ይባረክ።

ያስለቀሰኝ ግን የመጨረሻው ቀን ነው። አድራሻው፣ ፓስወርዱ፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት ቀን፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ «ይህ በእርስዎ ስም ነው የተመዘገበው፤ ነገ እኔ ብጠፋ እንኳ ንብረትዎ ነው» ብሎ በእጄ ሰጠኝ። ያንን ሁሉ ከቀመስኩ በኋላ ይህን ስሰማ እንዴት አላለቅስ?

ጎረቤቴ ክር፣ ቁልፍ፣ ዳንቴል ነው የምትሸጠው፤ ዓይነቱ ስፍር ቁጥር የለውም። «ለእኔም እንደሷ አድርግልኝ» ብትለው «ለእርስዎ አንድ ገጽ አይሆንም፣ ሰው የሚፈልገውን ሳያገኝ ይደክመዋል» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ብር ይዛ ቆማ እኮ ነው! እንዲህ የሚል ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉት ከእኛ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ እኔ ስተኛ እነሱ ያያሉ። ጠዋት ስነሳ ልኬታቸው በቴሌግራም ገብቶ ይጠብቀኛል። «ሦስተኛዋን፣ አረንጓዴ ጥለት ያላትን» ብለው ነው የሚያዙኝ፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ቀረ።

ትንሽ ሱቅ ያላችሁ፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ምግብ በትዕዛዝ የምታዘጋጁ፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ይህን ልጅ አናግሩት። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው እልክላችኋለሁ። የሚቀበለው ግማሽ ክፍያ ነው፣ ቀሪውን ሥራውን አይታችሁ። ፎቶ ግን በቀን ብርሃን አንስታችሁ ያዙ፣ በመብራት የተነሳ ካመጣችሁለት «ቀለሙ ደንበኛ ያጣላል» ብሎ ይመልሳችኋል።